በሮም ያነበብኩት የዶን ወታደር ደብተር

ስለ ጉዞው ከመናገሬ በፊት ተጓዡ ማን እንደሆነ ማወቅ ይገባችኋል። ስሜ ጥላሁን በየነ ነው፤ ዕድሜዬ ሰባ ስድስት። ትምህርት ቤት ያስተማረኝ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረውን ራሴን አስተምሬዋለሁ። የወታደር ካሚዮን መለዋወጫ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ አሥራ ሰባት ዓመት ሠራሁ። ሣጥኖቹ የሩሲያ ጽሑፍ ይዘው ሲመጡ ሌሎቹ ከፍተው በዓይን እየለዩ ያወጡ ነበር። እኔ ግን በሦስት ወር ፊደሉን ለቀምኩ፣ በሁለት ዓመት መጽሐፍ አነበብኩ። አስተማሪ አልነበረኝም። ኒኮላይ ስቴፓኖቪች የሚባል የሩሲያ አማካሪ መጀመሪያ ሲያየኝ ሳቀ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ግን መዝገበ ቃላቱንና አንድ ወፍራም የጦር ታሪክ መጽሐፍ ሰጠኝ። መዝገበ ቃላቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእጁ ግማሽ ገጽ ጽፎልኛል፤ ራሱ አንብቦልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ። ይህን አትርሱት፣ በኋላ ይፈለጋል።

መጽሐፉ ስለ አንድ የሶቪየት ጦር ነው። በፈረንጆቹ 1942 ማለቂያ ላይ በረዶ የሆነውን የዶን ወንዝ ተሻግረው የጣሊያኖችን መስመር ከሰበሩት ጦሮች አንዱ ነው። የዚያን ጦር ታሪክ በአማርኛ ስጽፍ ይኸው ሠላሳ ስምንተኛ ደብተሬ ላይ ደርሻለሁ። የጦሩን ቁጥር እዚህ አልናገርም። መጽሐፌ ገና አልታተመም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስጠረጥረኝ ነበር። እጄ የገቡትን መጻሕፍት የጻፉት አዛዦች ናቸው። በአዛዥ መጽሐፍ ውስጥ ጦር አይራብም፣ ነዳጅ አያልቅበትም፤ ዝም ብሎ ይገሠግሣል። ዕድሜዬን የቆመ ካሚዮን ሳስነሣ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን አልቀበልም። ተራ ወታደር የጻፈው እስካገኝ ድረስ ሃያ አንደኛውን ደብተሬን፣ የዶኑን፣ ሳልዘጋ ተቀምጬ ነበር።

እንዲህ ሳለሁ ልጄ አልማዝ ከሮም ደወለች። የምትጦራቸው ሽማግሌ፣ ሲኞር ሬናቶ የሚባሉ፣ አባታቸው ከዶን ምርኮ ይዘውት የተመለሱት የሩሲያ ወታደር ደብተር አላቸው። አባቷ ሩሲያኛ እንደሚያነብ ስትነግራቸው የግብዣ ወረቀት ላኩ። የመጀመሪያ ጥያቄዬ፣ “ሮም ሩሲያኛ የሚያነብ ሰው ጠፍቶ ነው?” የሚል ነበር። መልሱ እንዲህ ነው፦ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ አነባለሁ ባይ መጥቶ የባለቤቱን ስም ብቻ ተናግሮ፣ በደብተሩ ውስጥ የነበረውን ፎቶግራፍ ይዞ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ለማያውቁት ሰው አያሳዩም። እኔም ብሆን አላሳይም፤ በዚህ ተግባባን።

ሰኞ። ሮም ደረስኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬና መዝገበ ቃላቱ አሉ፤ ሃያ አንደኛው ደብተር ግን ከሸሚዜ ሥር ደረቴ ላይ ታስሯል። አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው፣ “አባት፣ አሞዎታል እንዴ? ደረትዎን ይዘዋል” አለኝ። ምን አገባው?

የሮም አውሮፕላን ጣቢያ ፖሊስ ፓስፖርቴንና የግብዣ ወረቀቱን አስተያይቶ ፊቱ ተለወጠ። ከኋላዬ የተሰለፈች ሐበሻ መነኩሲት፣ ካቶሊክ ናት፣ ጠጋ ብላ አስተረጎመችልኝ።

“አባባ፣ የእርስዎ የቤተሰብ ስም በየነ ነው፣ የልጅዎ ጥላሁን። ታዲያ እንዴት አባቷ ይሆናሉ ነው የሚለው።”

“ጥላሁን እኔው ነኝ ይበሉልኝ፣ ሲስተር! የሷ ሁለተኛ ስም እኔ ነኝ። የእኔ ሁለተኛ ስም ደግሞ አባቴ ናቸው።”

ነገረችው። ጓደኛውን ጠራ፤ ሁለቱም ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። አንድ ነገር ሲል መነኩሲቷ ሳቋን ዋጠች።

“‘እናንተ አገር ቤተሰብ የለም ወይ?’ ይላል።”

“አባት አለን ይበሉት።”

ማኅተሙን መታ። የእኛ ቀበሌ ማኅተም ሲመታ ጠረጴዛው ይነቃነቃል፤ የሱ ድምፅም የለው። ድምፅ የሌለው ማኅተም ስለማላምን ዘወር ብዬ ፓስፖርቴን ሁለት ጊዜ አየሁ።

አልማዝ በባቡር ተርሚኒ ይዛኝ ደረሰች። ተርሚኒ የሚባለው ባቡር ጣቢያ መርካቶ ላይ ጣሪያ ቢደረግበት ማለት ነው። በአቅራቢያው ሐበሻ ቤት ገብተን ምሳ በላን፤ እንጀራው ስስ ነው፣ ወጡ ግን አያሳፍርም። ከዚያ በፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ በኩል በእግር አለፍን። ከዓመታት በፊት ስደተኞች እንዲለቁት የተደረገውን ሕንፃ አሳየችኝና እዚያው ቆመች።

“አባባ፣ አሎራ፣ ቤት ሳንደርስ አንድ ነገር ልንገርዎት። የሲኞር ሬናቶ ልጅ፣ ፓኦላ፣ አባቴ ሩሲያኛ ያውቃል ያልኩት እርስዎን ለማስመጣት የፈጠርኩት ይመስላታል። የሥራ ኮንትራቶዬን የምትፈርመው እሷ ናት። ኮንትራቶ ከሌለ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም። ውሸታም ካለችኝ ከዚህ ከተማ መውጣቴ ነው።”

“ሩሲያኛ ለእኔ ውሃ ነው” አልኳት።

“ቫ ቤኔ፣ እሺ” አለችና መንገዷን ቀጠለች፤ ግን እንዳላመነች ከአረማመዷ አወቅኩ።

ቤቱ በሜትሮ ሦስት ፌርማታ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ቁም ሣጥን ያህላል፤ እኔና ሻንጣዬ አብረን አንገባም። ሻንጣውን አስቀድሜ ሳስገባው በሩ ራሱን ዘጋና ወደ ላይ ሄደ። አራተኛ አልቆመም፤ አለፈ! በደረጃው “ሌባ!” እያልኩ ወጣሁ። ለካ ስድስተኛ ፎቅ ያሉ አንዲት አሮጊት ሊፍቱን ጠርተውት ኖሯል። ሻንጣዬን ራሳቸው ጎትተው አወረዱልኝ፣ ላብ በላብ ሆኜ ስላዩኝም አንድ ብርጭቆ ውሃና ሁለት ብርቱካን ሰጡኝ። የሰጣችሁን ሰው ባታምኑም እንኳ ብርቱካን ይጣፍጣል።

ሲኞር ሬናቶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናቸው። የትራም ጋራዥ መካኒክ ነበሩ። አልማዝ ይህን ስትነግረኝ እኔ ወደ ራሴ እያመለከትኩ፣ “ኩሽኔታ! ካምቢዮ! ፍሪሲዮን!” አልኳቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው በራ፤ “ፍሪትሲዮኔ!” ብለው በእጃቸው የፍሪሲዮን ዲስክ ሠሩ። ግማሽ ሰዓት ያለ አስተርጓሚ አወራን። ጣሊያንኛ አላውቅም ስል የኖርኩት በከንቱ ነው፤ ጋራዥ የዋለ ሐበሻ ሁሉ ግማሹን ያውቃል።

ማክሰኞ። ፓኦላ መጣች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፣ ቀጭን ናት፣ እጅ ስትጨብጥ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። “ሲኞር በየነ” አለችኝ። አባቴ በየነ አዋሽን ተሻግረው የማያውቁ ሰው ሮም ላይ ተጠሩ።

ደብተሩን ከብስኩት ቆርቆሮ አወጡት። መዳፍ ያህላል፣ ጠርዙ ተበልቷል። ሲኞር ሬናቶ በአልማዝ አፍ ነገሩኝ። “አባቴ ኔሎ ይባል ነበር። ከምርኮ ሲመለስ በኮቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶት መጣ። እሑድ እሑድ አውጥቶ ይዳስሰዋል። ምንድን ነው ስለው፣ ‘የሰው ነው፣ እመልሰዋለሁ’ ይል ነበር። ሳይመልስ ሞተ። ከሰው ገድሎ የወሰደው ይሁን፣ ሰርቆት ይሁን አላውቅም። እኔም ልሞት ነው፤ ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።”

ገለጥኩት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ! እርሳስ ነው፣ የእጅ ጽሑፍ፣ የተጣደፈ። እኔ ሩሲያኛ የተማርኩት ከሣጥንና ከመጽሐፍ ነው፤ ሁሉም የማተሚያ ፊደል። ይህ ግን የጉንዳን መንገድ ነበር። ከገጹ አንድ ቃል አልያዝኩም። ፓኦላ ከፊቴ ተቀምጣ እጆቼን ትመለከታለች። ስልኳን አነሣችና ፎቶ አነሣችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ግን ደረቴ ላይ ያለውን ደብተር አጠበቅኩ። ቀጥላ ስልኳን ደብተሩ ላይ ያዘችው፤ የስልኩ ማስተርጎሚያ “ፈረስ፣ ፈረስ፣ ሳሙና” አለ። ይህ ትንሽ አጽናናኝ።

“እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይነበብም” አልኩ በግርማ። አልማዝ ተረጎመች። ፓኦላ ሰዓቷን አየች፣ ደብተሩን ቆርቆሮው ውስጥ መለሰች፣ ቆርቆሮውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ግምጃ ቤት ስቆልፍ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቁልፉን የት እንዳስገባች አየሁ፤ ግን እኔም በሷ ቦታ ብሆን እቆልፍ ነበር።

ወጥ ቤት ውስጥ ልጄን ለብቻዋ አገኘኋት።

“አልማዝ፣ ማንበብ አልቻልኩም።”

ሳህን ስታጥብ እጇ ቆመ። “ውሃ ነው አላሉኝም?”

“የታተመው ውሃ ነው። ይኼ በረዶ ነው።”

“አባባ፣ ቀልዱን ይተዉት! ልብሴን ልሰብስብ ወይስ ምን ላድርግ?”

በሕይወቴ አልቻልኩም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። “እስከ ሐሙስ ስጪኝ” አልኳት።

ረቡዕ። ጾም ነው። የኔን ጾም አልማዝ ሳትነግራቸው አልቀረችም፣ ሲኞር ሬናቶ ፓስታው ያለ አይብና ያለ ሥጋ በነጭ ሽንኩርት እንዲሠራ አዝዘው፣ እሳቸውም ከእኔ ጋር ያንኑ በሉ። መጀመሪያ ለእኔ ርካሹን የሰጡኝ መስሎኝ ሳህናቸውን አጮልቄ አየሁ፤ አንድ ነው። አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ፓኦላ ቆርቆሮውን ከፍታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እኔ መዝገበ ቃላቴን አወጣሁ። የኒኮላይ ስቴፓኖቪች የእጅ ጽሑፍ እዚያ አለ፣ እያንዳንዱን ቃል በቃሌ አውቀዋለሁ። ባለ ጽሑፉ ምን እንዳለ ካወቅኩ፣ የቱ ጭረት የቱ ፊደል እንደሆነ ማወቅ አያቅተኝም! ወረቀት አሰምሬ በአንድ ወገን የታተመውን፣ በሌላው ወገን በእጅ የተጻፈውን ፊደል ደረደርኩ። በመጽሐፍ ላይ በአንድ እግሩ የሚቆመው ፊደል በእጅ ሲጻፍ ሦስት እግር ያወጣል። ይህን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ሳያስተምረኝ፣ ሮም ላይ፣ በጾም ቀን፣ በአንድ ከሰዓት ከሠላሳ ሦስቱ ፊደል ሠላሳውን ለየሁ። የቀሩትን ሦስቱን በግምት።

ሐሙስ። ጠዋት ማንበብ ጀመርኩ። አልማዝ ገበያ ወጥታለች። ሲኞር ሬናቶ ወንበራቸው ላይ ያንቀላፋሉ፣ ፓኦላ ስልኳ ላይ ናት። በጎሉ ቃላት እየዘለልኩ ነገሩን ያዝኩት፦ ዶንን ተሻገርን፤ ካልሲዬ ረጠበ፤ ነዳጅ አልቆ መኪኖቹ ቆሙ፤ ሁለት ቀን በረት ውስጥ ሦስት ምርኮኛ እጠብቃለሁ። ሁለት ቀን ቆሙ! የአዛዡ መጽሐፍ “ሳይቆም ገሠገሠ” የሚለው ቦታ ላይ! ሃያ አንደኛውን ደብተሬን ከደረቴ አውጥቼ እዚያው ጻፍኩት።

ቀጥሎ ያለው ገጽ ግን ጥርጣሬዬን ቀሰቀሰው። በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ቃላት ናቸው። የቀኙ ረድፍ ተራ ሩሲያኛ ነው፤ ዳቦ፣ በረዶ፣ እጅ፣ ልጅ። የግራው ግን በመዝገበ ቃላቴ ውስጥ የለም። የወታደር ምስጢር ኮድ አገኘሁ አልኩ። ወታደር ምስጢር ሲያስተላልፍ ተራ ቃል በሌላ ቃል ይተካል። ድምፁን ለመያዝ ቀስ ብዬ ጮክ አድርጌ አነበብኩ።

“ፓ…ኔ። ኔ…ቬ።”

ፓኦላ ስልኳን ዝቅ አደረገች።

“ማ…ኖ። ፊ…ልዮ።”

ሲኞር ሬናቶ ነቅተዋል። አንገታቸውን ወደ እኔ አስግገዋል። እኔ ግን ወደ ኮዱ ቁልፍ እየደረስኩ ስለነበር አላቆምኩም። መጨረሻው ላይ በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት የሆነ ቃል አለ።

“ኔ…ሎ” አልኩ። “ኔሎ።”

ሽማግሌው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ፓኦላ ተነሥታ መጥታ ተንበረከከችና ያዘቻቸው። ምን እንዳደረግኩ ሳላውቅ ደንግጬ ቆምኩ። አልማዝ ከገበያ ስትገባ ሁላችንንም እንዲህ ሆነን አገኘችን።

“ምን አደረጓቸው፣ አባባ?”

“ኮድ አነበብኩ።”

ከሽማግሌው ሰማችና ወደ እኔ ዞረች። “አባባ፣ ኮድ አይደለም። ጣሊያንኛ ነው። ፓኔ ዳቦ ነው። ኔቬ በረዶ። ልጅ፣ እጅ… ኔሎ አባታቸው ናቸው።”

ያን ጊዜ ገባኝ። ወታደሩ ከሚጠብቃቸው ምርኮኞች አንዱን፣ ኔሎን፣ ቃል እየጠየቀ በራሱ ፊደል ይጽፍ ነበር። የእኔ የመጀመሪያ የሩሲያኛ ደብተር፣ ቤቴ ያለው፣ ልክ እንዲሁ ነው፦ በግራ ሩሲያኛው በአማርኛ ፊደል፣ በቀኝ ትርጉሙ። አስተማሪ የሌለው ሰው ሁሉ የሚሠራው ይህንን ነው። ሲኞር ሬናቶም ጣሊያንኛ መሆኑን ያወቁት በእኔ ንባብ ነው፤ ትርጉሙን ሳላውቅ ድምፁን ብቻ ስላወጣሁ።

ቀጥሎ የባለቤቱን ስም አነበብኩ። “ዬጎር ሳቬልዬቪች” ይላል፤ ሦስተኛው ቃል እርጥበት በልቶታል። ሲኞር ሬናቶ ራሳቸውን ነቀነቁ። “አዎ፣ ያ ሰውዬም ይህን ነበር ያነበበው። ይኸው ስንት ዓመት ለሳቬልዬቪች ቤተሰብ ወደ ሩሲያ ደብዳቤ እጽፋለሁ። እንዲህ የሚባል ቤተሰብ የለም ይሉኛል።”

“እንዴት ይኖራል?” አልኩ። “ሳቬልዬቪች ማለት የሳቬሊ ልጅ ማለት ነው። የአባቱ ስም ነው እንጂ የቤተሰብ አይደለም። አልማዝ፣ ንገሪያቸው፦ የበየነን ቤተሰብ አዲስ አበባ ሄዶ የሚፈልግ ሰው እኔን አያገኘኝም።”

አልማዝ ስትነግራቸው ፓኦላ ቁጭ አለች። የእኔን የግብዣ ወረቀትና የልጄን የፔርሜሶ ቅጽ የሞላችው እሷ ናት። “ሲኞራ ጥላሁን” ብላ አልማዝን አየች፣ “ሲኞር በየነ” ብላ እኔን። ከዚያ በዓይኗ ይቅርታ የመሰለ ነገር አየሁ። የመሰለ ነው ያልኩት።

የቀረው የቤተሰቡን ስም ማግኘት ነበር። በግምጃ ቤት ሥራ የገባ ዕቃ ከፊት፣ የወጣ ዕቃ ደብተሩን ገልብጠን ከኋላ ነው የምንጽፈው። በዚህ ልማድ ደብተሩን ገለበጥኩት። ከኋላ፣ ተዘቅዝቆ፣ ለአባቱ ለሳቬሊ የጀመረው ደብዳቤ አለ፦ አውራጃው፣ መንደሩ፣ የቤተሰቡ ስም ሳይቀር። ሰማንያ ዓመት ማንም አልገለበጠውም። የመንደሩንና የቤተሰቡን ስም እዚህ አልጽፍም፤ አስመሳይ ወራሽ ሊነሣ ይችላል።

ዓርብ። ደብዳቤውን በሩሲያኛ ስጽፍ ፓኦላ አንድ ነገር ጠየቀች። ዬጎር ደብተሩን ለአያቷ በስጦታ እንደሰጣቸው እንድጽፍ።

“ይህ አልተጻፈም” አልኩ።

“ግን እንዲያ ነው የሚሆነው! ቃል አስተማሩት፣ ወዳጆች ሆኑ…”

“ሁለት ቀን ወዳጆች ነበሩ። ሦስተኛውን ቀን አላውቅም። ጦሩ ከዚያ ወደፊት ሄዷል፣ ብዙ ሰው ሞቷል። ከእጁ ሰጥቶት ይሁን፣ ሲሞት ወስዶት ይሁን ደብተሩ አይናገርም። የአዛዦቹን መጽሐፍ ስጠረጥር የኖርኩት ያልሆነውን ስለሚያሳምሩ ነው።”

ፓኦላ ፊቷ ቀላ። አልማዝ የተረጎመችው ወለሉን እያየች ነው፤ ኮንትራቶው ትዝ ብሏት። ሲኞር ሬናቶ ግን ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱና፣ “ልክ ነው። አባቴ ‘ተሰጠኝ’ ብሎ አያውቅም፤ ‘እመልሰዋለሁ’ ነው ያለው። እሱን ጻፍ” አሉ። ጻፍኩ።

ፓኦላ ተነሥታ ሄደች። ትመለሳለች ብዬ አልጠበቅኩም። ከአንድ ሰዓት በኋላ የልጄን ኮንትራቶ ይዛ ተመለሰች፤ ከመፈረሟ በፊት እኔን አየችና፣ “እንዲህ የሚጠረጥር ሰው ልጅ አትዋሽም” አለች። የወረቀቱን ግልባጭ ለአልማዝ ወዲያው እንድትሰጥ አደረግኩ።

ቅዳሜ። ወደ አገሬ ተመለስኩ። የስድስተኛ ፎቋ እናት ለመንገድ ብርቱካን ሰጡኝ። ያንኑ ፖሊስ አላገኘሁትም፤ ባገኘው የምነግረው ነበረኝ።

በስድስት ቀን ያከናወንኩት ይኸው ነው፦

የሩሲያ የእጅ ጽሑፍ ያለ አስተማሪ ለየሁ።

ጦሩ ከዶን ወዲያ ሁለት ቀን መቆሙን፣ ምክንያቱም ነዳጅ መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ሃያ አንደኛው ደብተር ተዘግቷል።

የልጄ ኮንትራቶ ተፈረመ።

ልጄን “አልቻልኩም” አልኳት፣ አልናቀችኝም።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ጻፍኩ። በዚህ ዘመን የትኛው መንገድ እንደሚያደርስ ስለማይታመን አንዱን ከሮም፣ አንዱን ከአዲስ አበባ ላክሁ።

በሁለቱም ፖስታዎች ላይ የላኪውን ስም በሩሲያ ወግ እኔ ራሴ ሞላሁት። ከዬጎር ቤት በሕይወት ያለ፣ ስለዚያ በረት የሰማ ሰው ካለ፣ ደብዳቤውን ሳይከፍት ከማን እንደመጣ ያውቃል ብዬ። “ሬናቶ” አልኩ፣ ቀጥዬም የአባታቸውን ስም አስከተልኩ፦ ኔሎቪች።